አሞራን ማየትና አሞራን መቍጠር፤ በቦረናና በሳይንት ደጋ በጸደይ ስለሚያልፉ ነጣቂ አእዋፍ

የመካነ ሰላም ከተማ በቦረና ደጋ ላይ፥ ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚሄድ መንገደኛ ከደጋው ጠርዝ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ያልቅበታል፤ ከእግሩ በታች ያለው በረሃ ነው፥ ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። ወደ ሰሜን ሄዶ ሳይንትን ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ በሽሎ ሌላ ገደል ቈርጦ ይጠብቀዋል። በመካከሉ የደንቆሮ ሸለቆና ጫካ አለ፤ ይህም ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው የምድር አቀማመጥ ለአሞራ ተመልካች በሜዳ የማይገኝ ነገር ይሰጠዋል። በሜዳ የቆመ ሰው የሚያየው የአሞራውን ሆድና የክንፉን ውስጥ ነው፤ በገደል አፋፍ የተቀመጠ ግን ብዙ ጊዜ ቁልቁል ስለሚመለከት ጀርባውን ያያል። ከቆላው የሚነሣው ትኩስ አየርና ገደሉን መትቶ ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ አሞራውን ያለ ድካም ያነሡታል፤ ክንፉን ሳያርገበግብ ከተመልካቹ እግር በታች ታይቶ ጥቂት ቈይቶ ከራሱ በላይ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በጸደይ ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ነው። ጸደይ ማለቴም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ወራት ነው እንጂ፥ ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው እንደሚለው የአደይ አበባን ወራት አይደለም። አእዋፉ ግን ለእኛ አከፋፈል አይገዙም፤ ንስሮቹ ገና በየካቲት መነሣት ይጀምራሉ፥ የመጨረሻዎቹ መንገደኞች በግንቦት ያልፋሉ። ስለዚህ የጕዞው መጀመሪያ በበጋ፥ መጨረሻው በጸደይ ይውላል፤ ለደጋው ገበሬ ይህ የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወራት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመትም፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አሞራን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ስለ መቍጠር ከሚነገሩት የጥንት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው የሮም ነው። ሮሙሎስና ሬሙስ የተባሉት መንትያ ወንድማማቾች ከተማይቱን ማን እንዲመሠርት በአሞራ ምልክት ይለይ ብለው ተስማሙ፤ ሬሙስ በአቬንቲን ኮረብታ፥ ሮሙሎስ በፓላቲን ኮረብታ ላይ ቆሙ። ለሬሙስ አስቀድሞ 6 ጥንብ አንሳ ታየው፤ ለሮሙሎስ ኋላ 12 ታየው። አንዱ የቀደመልኝ እኔ ነኝ አለ፥ ሁለተኛው የበዛልኝ እኔ ነኝ አለ፤ ጠቡም በሬሙስ ሞት ተፈጸመ። ሮማውያን የከተማቸውን ልደት ያከብሩ የነበረው አፕሪል 21 ቀን፥ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን፥ ማለት አሞራ ወደ ሰሜን በሚመለስበት ሰሞን ነው። የሮሙሎስን ገድል የጻፈው ፕሉታርኮስም ጥንብ አንሳ በአገሩ እምብዛም የማይታይ፥ ጫጩቱንም ማንም በቀላሉ የማያገኘው በመሆኑ፥ ከሌላ ምድር የሚመጣ ነው የሚሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይናገራል። ወንድማማቾቹ ቈጠሩ፤ ነገር ግን የመነሻውንና የመጨረሻውን ሰዓት አስቀድመው አልተዋዋሉም ነበር። የዛሬ አሞራ ቈጣሪዎች ከሁሉ በፊት የሚዋዋሉት በዚህ ነገር ነው።

በእኛ አገር አሞራን ማየት ከገድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ኖሯል። ገድ የሚለው ቃል ዕድልንና ምልክትን ያመለክታል፤ ያልቀናውን ሰው ገደ ቢስ እንለዋለን፤ ገዴ የሚባለው ወፍም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከ1843 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ወፍ ይተርካል። መንገደኛ ሲነሣ ወፉ ፊቱን ሰጥቶት ቢቀመጥ ደስ ይለዋል፥ ጀርባውን ቢሰጠው ያዝናል፥ ደንግጦ ቢበር ደግሞ ጕዞውን እስከ መተው ይደርሳል። ከፓርኪንስ በፊት አገራችንን የጐበኘው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል፥ በ1836 ለአንድ ባለ ቀይ ጅራት የደጋ አሞራ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «አውጉር» ብሎታል። አውጉር ማለት በሮማውያን ዘንድ ከአእዋፍ አበራረር የሚመጣውን ነገር የሚተረጕም ካህን ነው። ስሙ ለአገሩ ልማድ የተስማማ ነው፤ ወፉም ዛሬ በቦረና መንገድ ዳር በዛፍና በእንጨት ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ገድ የሚመለከት ሰውና አሞራ የሚቈጥር ሰው ሥራቸው አንድ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱም በማለዳ ወጥተው ሰማይ ያያሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለገድ አንድ ወፍ ይበቃል፤ የሚፈለገውም ከአንድ መንገደኛ ጉዳይ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው መቶም ይሁን ሺህ ምንም አይናገርም። ለቈጣሪ ግን አንዱ ወፍ ብቻውን ምንም አይናገርም። በዚህ ላይ የመቍጠር ነገር ራሱ በአገራችን ሽማግሌዎች ዘንድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ መታወስ አለበት። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስላስቈጠረ መቅሠፍት እንደ ወረደ በመጽሐፍ የተማረ ሰው፥ ልጆቹንና ከብቱን ጮኾ መቍጠርን አይወድም። እረኛው ከብቱ ሲገባ የጎደለውን ወዲያው ያውቃል፥ ቍጥሩን ግን አይናገርም። መንገደኛ አሞራ የማንም ሀብት ስላልሆነ ምናልባት ያለ ፍርሃት ሊቈጠር የሚችል እርሱ ብቻ ነው።

አእዋፍ አገር ለአገር የሚጓዙ መሆናቸው በመጽሐፍ ለተማሩት አባቶች የተሰወረ አልነበረም። በመጽሐፈ ኢዮብ በ39ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ኢዮብን ከሚጠይቀው ጥያቄ አንዱ ጭልፊት ክንፉን ወደ ደቡብ ስለ መዘርጋቱ ነው፤ ኤርምያስም በ8ኛው ምዕራፍ የሰማይ ወፎች ጊዜያቸውን ማወቃቸውን ከሕዝቡ አለማወቅ ጋር ያነጻጽራል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው፥ ፍሪትዝ ሆመል በ1877 ያሳተመው ፊሳልጎስም የንስርን መታደስ ይተርካል። ሊቃውንቱ ግን የፈለጉት ምሥጢሩንና ምሳሌውን ነው፤ ስንት ንስር፥ በየትኛው ቀን፥ በየት በኩል አለፈ የሚለው ጥያቄ ለትርጓሜ አይጠቅማቸውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመጣለን። መቍጠር ከመሰየም በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ በስም ያልተለየ ነገር ተቈጥሮ መዝገብ አይገባም። አማርኛ ለነጣቂ አእዋፍ ያሉት ስሞች አሞራ፥ ጥንብ አንሳ፥ ንስር፥ ጭልፊት፥ ጭላትና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። አሞራ የሚለው ሁሉን ይጠቀልላል፤ ጥንብ አንሳ በግብሩ፥ ንስር በግርማው ይለያል፤ ጭልፊትና ጭላት ደግሞ ጫጩት የምታሳድግ ባለቤት እጇን አጨብጭባ ከደጅዋ የምታባርራቸው ናቸው። ስሙ የወጣው አሞራው ለሰው ከሚያደርገው ነገር እንጂ ከዘሩ አይደለም።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ፥ ሳያስበው፥ የመሰከረልን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ በቈየበት ጊዜ በሊማሊሞ ራስ ላይ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ሲያበስሉ አንድ ታላቅ አሞራ ምድር ለምድር እየበረረ መጥቶ ሥጋውን ከመካከላቸው ነጥቆ ሄደ፤ ሲመለስም ብሩስ በጠመንጃ ገደለውና ክንፉን ቢለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ስሙን ቢጠይቅ ንስር ወርቅ ነው አሉት። ሌላውን፥ በራሱ ላይ ረጅም ጕትዬ ያለውን ትንሽ አሞራ፥ ንስር ጥቁር አሉት። የዛሬ ሊቃውንት እንደሚሉት የመጀመሪያው አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ባለ ጢሙ አሞራ ነው፤ ዘመዱ ጥንብ አንሳ እንጂ ንስር አይደለም። ሁለተኛው በእርግጥ የንስር ወገን ነው። ለአገሩ ሰው ግን አንዱ እንደ ወርቅ ቀልቷል፥ ሌላው ጠቍሯል፥ ሁለቱም ግርማ አላቸው፤ ይህ ይበቃል። በእኔ አስተያየት ይህን አሰያየም ስሕተት ማለት አይገባም፤ ለቍጥር ታስቦ ያልተሠራ ነው እንጂ።

ከብሩስ በኋላ የመጡት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ይህን የወሎን ምድር በቅርብ አይተውታል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1862 የመጀመሪያ አጋማሽ ከባልንጀራው ከሄርማን ስቶይድነር ጋር ከጎንደር ተነሥቶ በመቅደላ በኩል ወደ ወሎ ዘልቆ ዐፄ ቴዎድሮስን በጦር ሰፈራቸው አግኝቷቸዋል። ሆይግሊን ከ1869 ጀምሮ ያሳተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አእዋፍ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን መመሪያ ሆኖ ኖረ። ከእርሱ ስድስት ዓመት በኋላ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድርና የእንስሳት ሊቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያለፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ሠራዊቱ በበሽሎ ገደል ሲወርድና ሲወጣ ወራቱ የጸደይ አሞራ የሚያልፍበት ወራት ነበር። ብላንፎርድ በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ የጉዞውን ድንጋይና እንስሳ ሁሉ በዝርዝር ይዟል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተመራማሪ መሣሪያ ጠመንጃ ነበር፤ ወፉ ተገድሎ፥ ቆዳው ተገፎ፥ ስም ተለጥፎበት ወደ አውሮፓ ይላካል። የሚታወቀው አንዱ ወፍ እንጂ የሚያልፈው ብዛት አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ሊቁም ከገድ ተመልካቹ ብዙ አልራቀም ለማለት እደፍራለሁ።

ብዛቱን ማወቅ የተቻለው አሞራው ከሚጠብበት በር ላይ ቆመው መቍጠር በጀመሩ ጊዜ ነው። ክንፈ ሰፊ አሞራ በትኩስ አየር ተንሳፍፎ ስለሚጓዝ ሰፊ ባሕር መሻገር አይወድም፤ በባሕር ላይ የሚያነሣው አየር አያገኝምና። በመከር ከእስያ በአረብ ምድር በኩል የሚመጣው ሁሉ የየመንን ጠረፍ ይዞ እስከ ባብ ኤል መንደብ ይወርዳል፤ በዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነውን ውኃ ተሻግሮ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። ጄፍሪና ሂላሪ ዌልች በ1987 ከኦክቶበር 3 እስከ ኖቬምበር 9 በጅቡቲ ጠረፍ ቆመው 246,478 ነጣቂ አእዋፍ ቈጠሩ። ከዚህ ውስጥ 76,586 በእስያ የሣር ሜዳ የሚፈለፈለው የእስቴፕ ንስር ነው፤ 98,339 ደግሞ ከዚያው የሚመጣ የአውጉር ዘመድ ነው።

በጸደይ ግን ብዙው ወገን በዚህ በር አይመለስም። ከደቡብ ሲመጣ የሚነዳው ጠረፍ ሌላ ነው፤ ቀይ ባሕርን በቀኙ አድርጎ በአፍሪካ ምድር ወደ ሰሜን ይወጣና በስዌዝና በሲና በኩል ወደ እስያ ይሻገራል። በርንድ ማይቡርግና ባልደረቦቹ በንስሮች ጀርባ ላይ በሳተላይት የሚታይ መሣሪያ አስረው በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህን ክብ መንገድ አረጋግጧል። የመውጫው በር ቈጣሪዎች የሚቆሙት በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ በኤላት ነው፤ በዚያ በ1985 ጸደይ የተቈጠረው ነጣቂ ወፍ ወደ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይደርሳል። አብዛኛው የተርብ እጭ የሚበላው አሞራ ሲሆን የእስቴፕ ንስር 75 ሺህ ያህል ነበር።

እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ይደነቃል፤ በመግቢያው 76 ሺህ ተኩል፥ በመውጫው 75 ሺህ። በእርግጥ ዓመቱ አንድ አይደለም፤ በሌላ በር የሚያልፍም አለ፤ ስለዚህ ገቢና ወጪ አድርጎ ማስላት አይገባም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ቤት የእኛ ምድርና ከእኛ በስተ ደቡብ ያለው ነው፤ መግቢያው በሰው ተጠብቋል፥ መውጫውም ተጠብቋል፥ በቤቱ ውስጥ የሆነው ግን ከሁለቱ በር ሆኖ አይታይም። በኤላት የሚቈጠረው የእስቴፕ ንስር ከ1985 ወዲህ እጅግ አንሷል፤ በ2015ም በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ተጻፈ። የጐደለው በሚፈለፈልበት አገር ነው ወይስ በሚከርምበት፥ የበር ቍጥር ብቻውን አይመልስም። ጥያቄው ባዶ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነጩን ጥንብ አንሳ በብዛት ሲገድል የታወቀው በ1982 ነው፤ የተቋረጠው በ2014 ነው። በዚያ ያለፉት ብዙዎቹ በኢትዮጵያ የሚከርሙ ነበሩ። ሙታኑ ምሰሶው ሥር ወድቀው ስለ ተገኙ እንጂ በበር ቈጣሪ ዘንድ ሳይመጡ የቀሩ ቍጥሮች ብቻ በሆኑ ነበር።

እንግዲህ ከቦረና ወይም ከሳይንት አፋፍ በጸደይ ለመቍጠር ምን ያስፈልጋል? የቦታው ነገር ከላይ ተነግሯል። ጊዜውን በስሌት መገመት ይቻላል፤ በኤላት የእስቴፕ ንስር የሚበዛው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ነው፤ ከመካነ ሰላም እስከዚያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ንስር በቀን ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛልና ከዚህ የሚያልፈው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቀድማል። ሰዓቱን ፀሐይ ትወስነዋለች። በደጋ ማለዳ አየሩ ከባድ ነው፥ አሞራም አይነሣም፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ሲሞቅ ይነሣል፤ በበልግ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከመጣ ሥራው ያበቃል። ቈጣሪው ከአንድ ቋጥኝ እስከ ማዶ ጫፍ ድረስ በዓይኑ መስመር አስምሮ ያንን ያለፈውን ብቻ ይጽፋል። አሞሮቹ ተሰብስበው ክብ እየዞሩ ሲወጡ መቍጠር ከንቱ ድካም ነው፤ ከክቡ ጫፍ ደርሰው ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሰሜን ሲንሸራተቱ ግን እንደ ክር ይመዘዛሉ፥ ያን ጊዜ አንድ በአንድ ይቈጠራሉ።

ከባዱ ሥራ መንገደኛውን ከባለ አገሩ መለየት ነው። በገደሉ የሚኖረው የሩፔል ጥንብ አንሳ፥ ባለ ጢሙ አሞራና አውጉር ቀኑን ሙሉ በዚያው መስመር ይመላለሳሉ፤ ያላወቀ ሰው አንዱን አሥር ጊዜ ሊጽፈው ይችላል። የእስቴፕ ንስርና የአገሩ ቡናማ ንስር እጅግ ይመሳሰላሉ፤ በቅርብ የታዩ እንደ ሆነ የመንገደኛው ብጫ የአፍ ጠርዝ ከዓይኑ በስተ ኋላ ድረስ ይዘልቃል፥ የባለ አገሩ ከዓይኑ መካከል አያልፍም። ጭላትም ሁለት ነው፤ የጐለመሰው የአገሩ ጭላት ምንቃሩ ብጫ ነው፥ የመንገደኛው ጥቁር ነው። እረኛው ይህን ልዩነት በስም ባይለየውም በዓይኑ ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ከአዝመራ ማማ ላይ ዝንጀሮ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ከሩቅ የሚንቀሳቀስን ነገር ለማየት ከእኛ መነጽር አይጠብቅም። ስለዚህ መዝገቡ ከባዕድ መጽሐፍ በተገለበጠ ስም ከሚሞላ፥ አስቀድሞ ሽማግሌውንና እረኛውን ጠይቆ የየቀበሌውን ስም መሰብሰብ ይሻላል። ንስር ወርቅና ንስር ጥቁር የመሰሉ ስሞች ገና በደጋው ይነገሩ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ጠያቂው ዘግይቶ ከመጣ ግን አሞራው ኖሮ ስሙ ላይኖር ይችላል፥ ወይም ስሙ ኖሮ አሞራው።

በመዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንዲኖር እመክራለሁ፤ ይኸውም የጾም ነው። የንስሮቹ ማለፊያ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በእነዚያ 55 ቀናት በክርስቲያኑ ቤት እርድ የለም፤ በየደጁ የሚጣለው አጥንትና ሆድ ዕቃም ይቋረጣል። በትግራይ ስለ ጅብ የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት በጾሙ ወራት ጅብ ምግቡን ለውጦ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብል አሳይቷል፤ ጭላትና ጥንብ አንሳም ሳይራቡ አይቀሩም። በወሎ ግን ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀበሌ ጎረቤት ሆነው ስለሚኖሩ በአንዱ ቤት እርድ ሲቆም በሌላው ይቀጥላል፤ የረመዳን ወርና የሁለቱ ዒዶች ቀንም በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደሙ ወራቱን ያዞራሉ። በጾሙ የተበተነው የአገሩ ጭላት በአፋፉ ላይ ሲያንዣብብ መንገደኛ ሊመስል ይችላል፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ሁሉም ወደየመንደሩ ይመለስና የአፋፉ ቍጥር በድንገት ይወርዳል። ይህን ያልጻፈ ቈጣሪ አሞራው አለፈ ብሎ የሚመዘግበው፥ አሞራው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ሲሄድ ያየውን ሊሆን ይችላል።